ከማጠብሽ በፊት ጥረጊ

ልጄ፣ አዲ አርቃይ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ልትከፍቺ መሆኑን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ከጎንደር ተነስቶ፣ በደባርቅ አልፎ፣ ሊማሊሞን ወርዶ ወደ ሽሬ የሚሄድ መንገደኛ እዚያ ሲደርስ መራቡ አይቀርም፤ ገበያ አታጪም። በወጡና በእንጀራው የምመክርሽ የለኝም፣ እጅሽን አውቀዋለሁ። የምመክርሽ ምግብ ቤት ሲከፈት ማንም በማያነሳው፣ ሲዘጋ ግን ሁሉም በሚጮኽበት ነገር ላይ ነው፤ በላቫንዲኖው ቀዳዳ።

እናቶቻችን ላቫንዲኖ አልነበራቸውም። እጣቢው ተጠራቅሞ ለከብት ይሰጥ ነበር፣ የቀረው ጓሮ ይደፋል፣ ድስቱም በአመድ ይፈተጋል። ስቡን ከብቱና አመዱ ይወስዱታል። አሁን ቧንቧ ገብቷል፣ የዕቃ ማጠቢያው በግድግዳ ተገጥሟል፣ ከብቷ ግን ከጓሮ ወጥታለች። ስለዚህ የጥብሱ፣ የቅቅሉና የዱለቱ ስብ በሙሉ የሚሄደው ወደ አንድ ቀጭን ቱቦ ነው።

ቱቦው ውስጥ የሚሆነውን ልንገርሽ። ቅቤ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ሲያገኝ ነው። የበሬ ስብ ከ40 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ገበያ ላይ የምታገኚው የሚረጋው የፓልም ዘይትም ከቅቤ ብዙ አይለይም። ከመሬት በታች የተቀበረ ቱቦ ይህን ያህል ሙቀት የለውም፤ ደባርቅ ላይ ብርድ ነው፣ አዲ አርቃይም ሞቃት ብትሆን መሬቷ ሰላሳ አምስት ዲግሪ አይደርስም። ስለዚህ ከድስቱ ቀልጦ የወረደው ስብ መንገድ ላይ ይረጋል፣ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ ነገ የሚመጣው በላዩ ይደረባል፤ ምጣድ ጀርባ ላይ ጥቀርሻ እንደሚደራረበው። ልዩነቱ ብርዱ ባለበት ስቡ ከላቫንዲኖው ሥር፣ እጅሽ በሚደርስበት ቦታ ይረጋል፤ ሙቀት ባለበት ደግሞ ራቅ ብሎ፣ ወለሉ ሥር ወይም ግቢው መሃል ሄዶ ይረጋል። ያንቺ ቤት ችግር ይኸኛው ነው፤ ሲዘጋ ሲሚንቶ ማስፈረስ ይጠይቃል።

ብዙ ሰው «ፍል ውሃና ሳሙና አፍስሺበት፣ ይወርዳል» ይልሻል። ይወርዳል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ውሃው ጥቂት ሜትር ሄዶ ሲበርድ ስቡም እዚያው ይረጋል፤ የተቀየረው የሚዘጋበት ቦታ ብቻ ነው። ደግሞም ተንተክትኮ የፈላ ውሃ የፕላስቲክ ቱቦን ያለሰልሳል፣ መጋጠሚያውንም ያላላል።

ምን ጊዜ እንደሚከፋም እወቂ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ቤትሽ ሽሮና ምስር ሲሠራ ቱቦው ብዙም አያስቸግርሽም፤ የኑግና የሰሊጥ ዘይት ፈሳሽ እንደሆነ ይሄዳል፣ ያም ሆኖ ቱቦው ንጹሕ ሆኖ ይቀራል ማለት አይደለም። ፋሲካ ሲገባ ዶሮው፣ ቅቤው፣ የበጉ ጮማ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይወርድበታል። ገናም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ቱቦሽን የምታስፈትሺው ከበዓል በፊት ይሁን፤ በዓል መሃል የቧንቧ ሠራተኛ አይገኝም።

ቱቦውን የሚዘጋው ስቡ ብቻ አይደለም፤ የሚያስተሳስረው ሌላም አለ። የተረፈ ሊጥ፣ የአብሲት እጣቢ፣ የሽሮ ዱቄት፣ የቡና አተላ ስቡ ላይ ሲያርፉ ክምሩ ይጠነክራል። የሊጥ ባልዲ ላቫንዲኖ ላይ አይታጠብ፤ ውጭ ይታጠብ፣ ውሃው ለዶሮ ወይም ለጓሮ ይሁን። ቀዳዳው ላይ ደቃቅ ወንፊት አስቀምጪ፤ ወንፊቱ የያዘውን ሠራተኞችሽ ቆሻሻ ላይ ይድፉት እንጂ በጣታቸው ገፍተው አያሳልፉት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ልጆች ሳላችሁ ለድስት ጥራጊ ትጣሉ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ያ ልማድ ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል። ወጥ የተሠራበት ድስት ገና ሞቅ እያለ በእንጀራ ቁራጭ ይጠረግ፤ የሚበላ ካለ ይብላው፣ ከሌለ ለውሻ ይሰጥ። ከዚያ በአመድ ወይም በአሮጌ ወረቀት ይታሽ፣ አመዱም ወረቀቱም ወደ ቆሻሻ እንጂ ወደ ቱቦ አይሂድ፤ አመድ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ደለል ይሆናል። ሳህኑም እንደዚያው። ውሃና ሳሙና የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አጣቢዎቹን ሥራ በጀመሩበት ቀን ይህን አስተምሪያቸው፣ አጠገባቸው ቆመሽ አሳዪያቸው፤ በሳሙናና በውሃ ወጪሽ ላይም ልዩነቱን ታዪዋለሽ።

የመጥበሻ ዘይትና የቅቅል ስብ ደግሞ ለብቻ ይጠራቀም። ባዶ የዘይት ጀሪካን አፉን ሰፋ አድርገሽ ቁረጪና ወጥ ቤቱ ጥግ አኑሪው፤ ትኩስ ዘይት ፕላስቲኩን እንዳያቀልጠው ሲበርድ ነው የሚገለበጠው። ሞራው ሲበዛ ሳሙና ይሠራል። ለ1 ኪሎ ንጹሕ የቀለጠ ሞራ 130 ግራም ያህል ኮስቲክ ሶዳና 350 ግራም ያህል ውሃ ይበቃል፤ ተቀላቅሎ፣ ተቆርጦ፣ አንድ ወር ያህል ነፋስ ላይ ይደርቃል። ተጠንቀቂ፦ ሶዳው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ ሶዳው በፍጹም አይጨመርም፣ ይፈነዳል። የአሉሚኒየም ድስት አትጠቀሚ፣ ሶዳው ይበላዋል። ዓይንሽንና እጅሽን ሸፍኚ፣ ሕፃን አታስጠጊ።

ይህንኑ ሶዳ ለተዘጋ ቱቦ ሊሸጡልሽ ይመጣሉ። ሙሉ በሙሉ በተዘጋ ቱቦ ላይ አትጨምሪው። ውሃው ስለማይሄድ ሶዳው እዚያው ቆሞ ይፈላል፣ ስቡን ወደ ጠንካራ ሳሙና ይለውጠዋል፣ በኋላም ቱቦውን የሚከፍተውን ሰው ፊት ያቃጥላል። ሲዘጋብሽ ከታች ባልዲ አድርገሽ ላቫንዲኖው ሥር ያለውን ሲፎን ፍቺና በእጅ ጥረጊው። ከዚያ በላይ ከሆነ በሽቦ የሚሠራ ባለሙያ ጥሪ።

የቤትሽ ፍሳሽ የሚገባው ግቢሽ ውስጥ ወደሚቆፈረው ጉድጓድ መሆኑን አስቢ። እዚያ የደረሰ ስብ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ቶሎም አይበሰብስም፤ ከጉድጓዱ ወጥቶ አፈሩን ሲያገኘው ደግሞ ውሃ የሚመጥበትን ቀዳዳ ሁሉ ይደፍነዋል። ያኔ አፈሩ ውሃ አይወስድም፣ ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ ሞልቶ ወደ ጎረቤት ግቢ ይፈሳል። በየወሩ የፍሳሽ ማንሻ መኪና እያስጠራሽ ትርፍ አይተርፍሽም። ይህ ከጎረቤት ያጣላል፣ ደንበኛ ያሸሻል፣ በሽታም ያመጣል፤ ስለዚህ ነው አጥብቄ የምነግርሽ።

መፍትሔው ከወጥ ቤቱና ከጉድጓዱ መሃል የምትገነባ ትንሽ የስብ ሳጥን ናት። ስብ ከውሃ ይቀላል፣ ስለዚህ ይንሳፈፋል። ሳጥኗ በመሃሏ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ፣ ወለሉን ግን የማይነካ ግድግዳ ይኖራታል፤ ውሃው በግድግዳው ሥር ሾልኮ ያልፋል፣ ስቡ ከላይ ይቀራል። መውጫ ቱቦውም ጫፉ ከውሃው ገጽ በታች ተጠልቆ ይቀመጥ። የሽንት ቤቱ መስመር በዚህች ሳጥን በፍጹም አይለፍ። ክዳኗ የሚነሳ ይሁን፣ ስቡም በሳምንት አንድ ቀን በጭልፋ ተገፍፎ ይቀበር። መግፈፉን የምትተዪ ከሆነ ግን ሳጥኗን መገንባቱም ከንቱ ድካም ነው፤ ሳትገፈፍ የቆየች ሳጥን ስቡን ታሳልፋለች።

ይህ የአዲ አርቃይ ችግር ብቻ አይደለም። በለንደን፣ ኋይትቻፕል በሚባል ሰፈር፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ከመንገድ ሥር ስብና እርጥብ መጥረጊያ ጨርቅ ተጋግሮ 250 ሜትር የሚረዝምና 130 ቶን የሚመዝን ክምር ሆኖ ተገኝቷል። በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞችም ከላይ ያሉት ፎቆች የሚያወርዱት ስብ በአንድ የጋራ ቱቦ ስለሚሄድ፣ ሲዘጋ ላቫንዲኖው ሞልቶ የሚፈስበት ምድር ቤት ያለው ጎረቤት ነው። እሱ ጥፋት የለበትም፤ እዳውን ግን እሱ ይከፍላል። ያንቺም ጎረቤቶች እንዲህ እንዳይሆኑ እለምንሻለሁ።

ግንበኛው የወጥ ቤቱን ወለል ሲሚንቶ ከማፍሰሱ በፊት ሳጥኗ የምትቆፈርበትን ቦታ ራስሽ ቆመሽ አሳዪው። ከፈሰሰ በኋላ ወጪው እጥፍ ነው።