በስማችን የሚናገር አንደበት



በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ቤት ሊሸጥ ወይም ሊገዛ የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ደላላ ይፈልጋል። የማይተዋወቁትን ማገናኘት ነውር የሌለበት ሥራ ነው፤ ለድካሙም ዋጋ ይገባዋል። ነገር ግን ደላላው የቤቱን ጉድለት ያውቃል፤ ሻጩ «አትናገር» ብሎታል፤ ገዢውም አልጠየቀም። ዝም ቢል ይበድላልን?

አንዳንዶች «ያልተጠየቁትን አለመናገር ሐሰት አይደለም» ይላሉ። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ግን በ13ኛው ክፍለ ዘመን ይህንኑ መርምሮ፣ ሊፈርስ የተቃረበን ቤት እንደ ጽኑ ቤት መሸጥን በምሳሌነት አንሥቶ፣ ስውርና ጎጂ ጉድለትን መደበቅ በደል መሆኑን አስተምሯል። ጉድለቱ ለዓይን ግልጽ ከሆነና ዋጋውም በዚያው ልክ ከተቀነሰ ግን ሻጩን አላስገደደውም።

በአገራችን ስውሩ ጉድለት የግድግዳ መሰንጠቅ ብቻ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥ ስለሚከለክል፣ የሚሸጠው በላዩ የተሠራው ቤት ነው። እንግዲህ የእርሻ መሬትን «የቤት ቦታ ነው» ብሎ የሚያስማማ፣ ወይም ቤቱ በዕዳ መያዙንና ወራሾች የሚከራከሩበት መሆኑን እያወቀ የሚያድበሰብስ ደላላ፣ የአንድን ቤተሰብ የዘመናት ጥሪት ያጠፋል። በዋጋ ረገድ ለላከው ሊሟገት ይችላል፤ እውነት ግን ለሁለቱም ወገን የሚከፈል ዕዳ ነው።

እኛስ? ደላላ መምረጥ በስማችን የሚናገር አንደበት መምረጥ ነው። ስለ ብልጠቱ የመረጥነው ሰው ስለ እኛ ሲዋሽ፣ ሐሰቱ የእኛም ነው። ስለዚህ አስቀድመን እንጠይቀው፤ ክፍያው ስንት ነው? ከማን ይቀበላል? ቤቱ ከነገርነው ዋጋ በላይ ቢሸጥ ትርፉ የማን ነው? የይዞታውንም ማስረጃ ከከተማው አስተዳደር ራሳችን እናጣራ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ፣ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ማዘዙን አንዘንጋ። በሌላ በኩል፣ ደላላው ካገናኘን በኋላ ተደብቀን መዋዋል የሠራተኛን ደመወዝ መንጠቅ ነው።

አባታችን አብርሃም ለሣራ መቃብር ከኤፍሮን ርስት ሲገዛ፣ 400 ሰቅል ብር የመዘነው በከተማው በር፣ ሕዝቡ እየሰማ ነበር (ዘፍ. 23)። የእኛም ውል፣ ቃሉ ሁሉ በሰው ፊት ሊነገር የሚችል ይሁን፤ እንዲህ የተገኘ ቤት ለሚኖርበትም ሰላም አለው።