ቪዛው ቢቀር ኒካሑ ይጸናልን?

በኢስላም ኒካሕ ዕቃ እንደ መግዛትና እንደ መሸጥ ያለ ቀላል ውል አይደለም። ቁርኣን በሱረቱ-ን-ኒሳእ ላይ የጠነከረ ቃል ኪዳን አድርጎ አስቀምጦታል። በዚህ ቃል ኪዳን ላይ የሚገኙት ወገኖችም የታወቁ ናቸው፤ ወንዱ፣ ሴቷ፣ ወሊይዋና ሁለት ሻሂዶች። በእኛ ዘመን ግን በብዙ የከተማ ቤቶች ስድስተኛ ወገን ተጨምሯል። ይኸውም ሳይጠራ መጥቶ ከምንጣፉ ጫፍ የተቀመጠው የሌላ አገር መንግሥት ነው።

ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። በትውልዱ የአገራችን ልጅ፣ በፓስፖርቱ ግን አሜሪካዊ የሆነ ወንድም ወይም አሜሪካዊት የሆነች እህት ከሥራ የሦስት ወይም የአራት ሳምንት ፈቃድ ወስዶ ይመጣል። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ በሕግ ፊት የውጭ አገር ጎብኚ ነው፤ በዘመድ ዓይን ግን የቤት ልጅ ነው። ሽማግሌ ይላካል፤ ኒካሕ ይታሠራል፤ ድግስ ይበላል፤ እንግዳው ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ፎርም፣ ፎቶግራፍና መጠበቅ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ጮክ ተብሎ የማይጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ። ለመሄድ ብሎ ማግባት፣ ማግባት ነውን?

ፈጥኖ «አዎን» ወይም «አይደለም» ማለት ቀላል ነው። እኔ ግን ሁለቱም መልሶች የችኮላ ናቸው እላለሁ።

ስደት፣ ጋብቻና ኒያ

ኢማም አል-ቡኻሪ ሰሒሓቸውን የከፈቱበት፣ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት የኒያ ሐዲስ በእያንዳንዳችን አፍ ላይ ነው። ሐዲሱ ሥራ በኒያ እንደሚመዘን ካስተማረ በኋላ በምሳሌነት ያነሳው ሶላትን ወይም ጾምን ሳይሆን ስደትን መሆኑን፣ ከስደትም ጋር ጋብቻን መሆኑን ግን ስንቶቻችን ልብ ብለናል? ሴት ለማግባት ብሎ የተሰደደ ሰው ስደቱ ለዚያው ለፈለገው ነገር ይቆጠራል የሚል ትምህርት ነው። የእኛ ዘመን ሰው ነገሩን ገልብጦታል። ለማግባት አልተሰደደም፤ ለመሰደድ አገባ።

ከሐዲሱ ሌላም የምናስተውለው አለ። ያ ሰው የሂጅራ ምንዳ ቀረበት እንጂ ጋብቻው ፈረሰ አልተባለም። ስለሆነም ኒያ የሥራውን ዋጋ ይወስናል ማለት ኒያው የተደባለቀበት ውል ሁሉ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ሴት ለሀብቷ፣ ለዘሯና ለመልኳም እንደምትፈለግ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውን ዲን ያላትን እንድናስቀድም መክረውናል፤ የቀሩትን ምኞቶች ግን ከሰው ልብ ነቅለው አላወጡም። በመሆኑም አንዲት ልጅ «ባሌ አሜሪካ መኖሩ ደስ ይለኛል» ብትል ኃጢአት ሠራች አይባልም። ከድህነት ለመውጣትና ወላጆችን ለመጦር መመኘት ሐራም አይደለም።

ጥያቄው የሚመጣው ሌላው ምክንያት ሁሉ ወጥቶ መሄዱ ብቻውን ሲቀር ነው። የፊቅህ ሊቃውንት በልቡ ለመፍታት ቆርጦ ስለሚያገባ ሰው ብዙ ተነጋግረዋል። ጊዜው በውሉ ውስጥ ከተጠቀሰ ሙትዓ ነውና በአራቱ መዝሀቦች ዘንድ ውድቅ ነው። ሐሳቡ በልብ ከተደበቀ ግን አብዛኞቹ ውሉ ይጸናል ሲሉ፣ ኢማም አል-አውዛዒ ከሙትዓ የማይለይ ነው ብለዋል። ይሁን እንጂ ውሉ ይጸናል ያሉት ሊቃውንት ለቃዲ መመሪያ ሰጡ እንጂ ለአታላይ የነጻነት ወረቀት አልጻፉም። ቃዲ የሚፈርደው በሚታየው ነው፤ ልብን ሰንጥቆ አያይም። የጸና ውል ሁሉ ንጹሕ ውል ነው ያለን ማንም የለም።

ሁለት ዳኞች

እዚህ ላይ የሚያስገርም ነገር አለ። የአሜሪካ ሕግ ዓለማዊ ነው፤ ሆኖም በጋብቻ ቪዛ ጉዳይ የሚመረምረው ኒያን ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1953 በሉትዋክ ጉዳይ የፈረደው፣ ስደተኞች ፓሪስ ላይ የቀድሞ ወታደሮችን ለይስሙላ አግብተው ወደ አሜሪካ እንዲገቡ በማሴር በተከሰሱ ሰዎች ላይ ነበር። ጋብቻው በተፈጸመበት አገር ሕግ የጸና ይሁን አይሁን ለፍርድ ቤቱ ዋና ነገር አልሆነም። የመዘነው ተጋቢዎቹ እንደ ባልና ሚስት ለመኖር ሳያስቡ መጋባታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት በባርክ ጉዳይ መለኪያውን በአንድ ጥያቄ ጠቀለለው። በተጋቡበት ጊዜ አብረው ኑሮ ለመመሥረት አስበው ነበርን?

እንግዲህ ሁለቱን ዳኞች አነጻጽሩ። ቃዲው ውሉን አይቶ ልብን ለአላህ ይተዋል። የኤምባሲው ሹም ውሉ አልበቃው ብሎ ልብን ይፈልጋል፤ የሚፈልገውም በፎቶግራፍ፣ በስልክ ጥሪ ዝርዝርና በገንዘብ መላኪያ ደረሰኝ ውስጥ ነው። ብልጥ ሰው ሁለቱንም ሊያልፍ ይችላል። ለቃዲው ወሊይና ሻሂድ ያቀርባል፤ ለሹሙ ፎቶግራፍ ያነሳል። ከሁለቱ በላይ ካለው ዳኛ ፊት ግን የሚቀርብ ወረቀት የለም።

በዚህ ክፍተት ቅን ሰዎችም ይጎዳሉ። በቤተሰብ ተጠያይቀው፣ ከኒካሕ በፊት ለብቻቸው ሳይገናኙ የተጋቡ ወጣቶች የሽርሽር ፎቶግራፍ ከየት ያመጣሉ? አንዳንዶቹ «እንዲህ ካላልን አያምኑንም» በሚል ያልነበረ የፍቅር ታሪክ ይፈጥራሉ። በዚህም እውነተኛውን ጋብቻቸውን ራሳቸው ሐሰተኛ ያስመስሉታል። ሕጉ የጠየቀው ቅን ጋብቻ መሆኑን እንጂ የፍቅር ትረካ አይደለም። እንዲያውም ለእጮኛ የሚሰጠው ቪዛ ተጋቢዎቹ ከማመልከቻው በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ በአካል እንዲተያዩ ሲያዝዝ፣ መተያየቱ ጥብቅ የሆነ ነባር ልማድን የሚጥስ ከሆነ ይህ ግዴታ ሊነሳ እንደሚችል ደንቡ ያውቃል። «ቤተሰቦቻችን ተጠያየቁ፤ እኛም ተስማማን» ማለት የሚያሳፍር መልስ አይደለም።

የሸሪዓና የአሜሪካ ሕግ የሚለያዩበትንም ማወቅ ይገባል። በወኪል የሚታሠር ኒካሕ በእኛ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ታላቁ ምሳሌውም የተፈጸመው በሐበሻ ምድር ነው። በስደት ሳሉ ባላቸውን ያጡት ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) መዲና ላሉት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የተዳሩት በነጃሺ አማካይነት ነበር፤ መህራቸውንም የከፈሉት ነጃሺ ናቸው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ሁለቱ ተጋቢዎች በአካል ሳይገኙ የተፈጸመን ጋብቻ፣ ከዚያ በኋላ በአካል ተገናኝተው ባልና ሚስት ካልሆኑ በስተቀር አይቆጥረውም። በስልክ ኒካሕ አሥረው «ለምን ተከለከልን?» የሚሉ ቤተሰቦች ይህን ቀድመው ቢጠይቁ ከብዙ ሐዘን ይድኑ ነበር።

«ሕጉ የእነሱ ነው» ለሚሉ

አንዳንድ ወጣቶች «የምናታልለው የፈረንጅ መንግሥትን ነው፤ ምን ወንጀል አለው?» ይላሉ። በአገሪቱ ሕግ ወንጀል መሆኑ ግልጽ ነው። ሐሰተኛ ጋብቻ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር መቀጮ ያስከትላል። በዚህ የተገኘ አመልካችም ከዚያ በኋላ እውነተኛ ጋብቻ ቢፈጽም እንኳ በቤተሰብ በኩል የሚቀርብለት ማመልከቻ ተቀባይነት አያገኝም። ነገር ግን እኔ በእስር ላስፈራራ አልተነሳሁም። የቀድሞ ፉቀሃዎች በአማን፣ ማለትም በሰላም ፈቃድ ሌላ አገር የገባ ሙስሊም የዚያን አገር ሰዎች ማታለልና መክዳት አይፈቀድለትም ብለዋል። ቪዛ የዘመናችን አማን ካልሆነ ምንድን ነው?

ከዚህም በላይ የራሳችን ታሪክ አለን። በ615 ገደማ ከመካ ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሶሓቦች ከነጃሺ ፊት ሲቀርቡ፣ ቁረይሾች የላኳቸው መልእክተኞች ስደተኞቹን ለመረከብ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ምን ትላላችሁ ተብለው ሲጠየቁ መልሳቸው ሊያስባርራቸው ይችል ነበር። ተመካክረው የመጣው ይምጣ ብለው እውነቱን ለመናገር ወሰኑ፤ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብም (ረ.ዐ) ተናገሩ። ከእኛ ወገን የተደረገው የመጀመሪያው የስደተኛ ቃለ መጠይቅ ይህ ነው። የእነሱ ችግር ከእኛ ችግር ይከፋ ነበር፤ ሐሰትን ግን መግቢያ አላደረጉም።

የሻሂዱ ጥያቄ

እኔ በሠፈሬ ሦስት ጊዜ ለእንዲህ ያለ ኒካሕ ሻሂድ እንድሆን ተጠይቄአለሁ። ሁለቱን ጊዜ ደስ ብሎኝ ተቀምጫለሁ። በሦስተኛው ሙሽራው የእኛው ልጅ፣ ሙሽራይቱ ደግሞ ከአሜሪካ ለአንድ ወር የመጣች፣ ወላጆቿን በሞት ያጣች ሠርቶ አደር ነበረች። ከኒካሑ ሌላ «ሁለቱን ለብዙ ዓመት አውቃቸዋለሁ» የሚል ለኤምባሲ የሚላክ ደብዳቤ እንድፈርም ተጠየቅሁ። ልጁን ለብቻው ጠርቼ «ልጄ፣ አላህ አይበለውና ቪዛው ቢከለከልስ?» አልኩት። «ጋሼ፣ ከተከለከለማ ምን ትሠራልኛለች?» ብሎ ሳቀ። አልፈረምኩም፤ በኒካሑም አልተቀመጥኩም። የሰማሁትን ግን ለወሊይዋ፣ ለአጎቷ ነገርኩ። እናቱ ለሁለት ዒድ ሰላምታ ነፈገችኝ። ቅር ብትሰኝብኝ አይፈረድባትም፤ ለእሷ የልጇ ዳቦ ነበር። ሐሰተኛ ምስክርነት ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከታላላቅ ኃጢአቶች ጋር የቆጠሩት ነገር ነው። ከዚያም በላይ ያቺ ልጅ ባል አገኘሁ ብላ ደስ ብሏት ነበር። የሚታለለው መንግሥት ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች የሚዘነጉት እሷን ነው። መንግሥት ልብ የለውም፤ አይሰበርም።

ሁለቱም ተስማምተው ለገንዘብ ብለው የሚዋዋሉት የወረቀት ጋብቻም ከዚህ የራቀ አይደለም። እነዚህ እርስ በርሳቸው ላይታለሉ ይችሉ ይሆናል፤ ነገር ግን የአላህን ቃል ኪዳን የቲኬት መቁረጫ አድርገውታል። የተፈታችን ሴት ለቀድሞ ባሏ ለመመለስ ብቻ ብሎ የሚያገባ ሰው በሐዲስ ለምን እንደተወገዘ ብናስብ፣ ኒካሕን ለሌላ ነገር መሸጋገሪያ ማድረግ ምን ያህል እንደሚከብድ እንረዳለን።

የምትጠብቀዋ

ቅን በሆነውም ጋብቻ ቢሆን ትልቁ ፈተና መጠበቁ ነው። ዜጋው አይ-130 የተባለውን ማመልከቻ ያስገባል፤ ሲጸድቅ ፋይሉ ወደ ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል ያልፋል፤ ከዚያ የተመዘገበ የጋብቻ ማስረጃ፣ የፖሊስ ወረቀት፣ የሐኪም ምርመራ፣ በመጨረሻም ቃለ መጠይቅ አለ። ይህ በወራት ብቻ ላያልቅ ይችላል። ደንቡም ከመንግሥት ወደ መንግሥት ይለዋወጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው የጉዞ እገዳ ምክንያት አሜሪካዊ ዜግነት ያላቸው የየመን ተወላጆች ከሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር እዚሁ ጎረቤታችን ጅቡቲ ላይ ተንጠልጥለው ቀርተዋል፤ እገዳው የተነሳው በ2021 ነው። እነዚህ ሰዎች ጥፋት አልነበረባቸውም። «ቪዛው ቢቀርስ?» የሚለው ጥያቄ የክፉ ሟርት ሳይሆን በእውን የደረሰ ነገር ነው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሚስት ሚስት ናት። ቀለቧ በባሏ ላይ ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ባሎቻቸው የዘመቱባቸውን ሴቶች ብቸኝነት ከሰሙ በኋላ ወታደር ከቤቱ የሚርቅበትን ጊዜ በወራት መወሰናቸው ተዘግቧል። የእኛ ወንድሞች ግን ዓመት አልፎ ሁለተኛው ሲገባ «ፋይሉ አልደረሰም» ማለት ይበቃናል ይላሉ። ስለዚህ ወሊይ የሆናችሁ አባቶችና ወንድሞች በውሉ ላይ ጻፉ። በየስንት ጊዜው መጥቶ ያያታል? ይህን ያህል ጊዜ ካለፈስ የመለያየት ሥልጣን ለእሷ ይሰጣልን? በጋብቻ ላይ የተገባ ቅድመ ሁኔታ ከሁሉ ይልቅ ሊከበር የሚገባው መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ስለ መኪና ኪራይ የምንጠነቀቀውን ያህል ስለ ልጆቻችን ብንጠነቀቅ ምን አለበት?

ከሄደችም በኋላ መብቷን ትወቅ። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው ሕግ መሠረት ስትገባ ጋብቻው ሁለት ዓመት ያልሞላው ከሆነ የምታገኘው መኖሪያ የሁለት ዓመት ቅድመ ሁኔታ ያለበት ነው፤ ይህን ለማስነሳት ባልና ሚስት በአንድነት ያመለክታሉ። አንዳንድ ባል ይህን በትር አድርጎ «ወረቀትሽን አሰርዛለሁ» ይላል። ሕጉ ግን በቅንነት ተጋብታ የተደበደበች ወይም የተፈታች ሴት ብቻዋን እንድታመለክት በር ከፍቶላታል። ባልየውም ይወቅ፤ ሲያስመጣት የፈረመው የድጋፍ ቃል፣ ማለትም ኑሮዋን ከድህነት መለኪያው 125 በመቶ እንዳይወርድ የማድረግ ግዴታ፣ በፍቺ አይወርድለትም። የሰው ሕግ በፊርማው ይህን ያህል ካስገደደው፣ በአላህ ስም የገባው ቃል ምን ያህል ሊያስገድደው ይገባ ነበር?

ውድ አንባቢያን! ወደ ተነሳንበት ጥያቄ እንመለስ። ለመሄድ ብሎ ማግባት ማግባት ነውን? መልሴ ይህ ነው። መሄዱ የጋብቻው ፍሬ ከሆነ ጋብቻው ጋብቻ ነው፤ ጋብቻው የመሄዱ መንገድ ብቻ ከሆነ ግን ቃዲ ቢያጸናው፣ ኤምባሲም ቢያምነው፣ የአንድን ሰው ሕይወት የበላ ማታለል ነው። መለያውም ማንም ሊጠይቀው የሚችል ነው። ከኒካሑ በፊት ሁለቱም በሽማግሌ ፊት «በሩ ለሁልጊዜ ቢዘጋ ይህን ሰው ይዤ እዚሁ ወይም ሌላ ቦታ እኖራለሁን?» ተብለው ይጠየቁ። አዎን ካሉ አላህ ይባርክላቸው እንበል። ዝም ካሉ፣ ዝምታቸውን የቪዛ ቀን ሳይደርስ እንስማው።

አላህ ውላችንን በእውነት የምንሞላ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።