እንቅልፍ ጣለኝ

አማርኛችን ለሹፌር ያደላል ብል ትስቁብኝ ይሆናል። እስቲ ልብ በሉ፤ ሰው ገጭቶ “ተኛሁ” ያለ ሹፌር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? “እንቅልፍ ጣለኝ” ነው የሚለው። ጣዩ እንቅልፍ፣ የወደቀው እሱ! መጠጥም “ያሸንፈዋል”፣ ፍሬንም “እምቢ ይለዋል”። እኛ ደግሞ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን “ቀኑ ደርሶ ነው” እንልና ፋይሉን እንዘጋለን። ገዳዩ ከመሃል ሹልክ ብሎ ይወጣል።

ይሄ ነገር የሚከነክነኝ በአምቦ መንገድ ስሄድ ነው። ከአዲስ አበባ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አድርጎ አምቦ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከነቀምት የሚመጣው ሹፌር ግን ባኮን አልፎ፣ የጌዶን ዳገት ወጥቶ አምቦ ሲደርስ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቷል።

አንድ ጊዜ ከአምቦ መናኸሪያ ስሳፈር ጋቢና ደረሰኝ። ትንሽ እንደሄድን ሸለብ ሲያደርገኝ ረዳቱ ትከሻዬን ነካ አደረገና “ጋሼ፣ ጋቢና መተኛት አይቻልም፤ ሹፌሩን ያስተኙብናል” አለኝ። ዞር ብዬ ሹፌሩን አየሁት። ዓይኑ ቀልቷል፣ ጉንጩ በጫት ተወጥሯል። ከኋላ አንዲት እናት “ልጄ፣ ደክሞሃል መሰለኝ” አሉት። “አያስቡ እማማ፣ ይቺ እያለች እንቅልፍ የለም” ብሎ ጉንጩን ነካ ነካ አደረገ። ሰው ሳቀ። “ጊንጪ ወርደን ሻይ ብንጠጣስ?” ብል ግማሹ መኪና “ሊመሽብን ነው!” ብሎ ጮኸብኝ። እንግዲህ ሹፌሩ መድከሙን ያላወቀ ተሳፋሪ አልነበረም።

ጫት እንቅልፍን ቀጠሮ ያሲዘዋል እንጂ ዕዳውን አይከፍልለትም። ምርቃናው ሲወርድ ድካሙ ከነወለዱ ይመጣል። አንዳንዱ ደግሞ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይቀመጣል፤ ከዚያ ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ ተራ ይይዛል። መጠጥ ያልነካውም ቢሆን ነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 አውስትራሊያ ውስጥ የተደረገ ጥናት፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ብቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው እኩል እንደሚወርድ አሳይቷል።

“የተኛ ሰው ምን ያውቃል? እንዴት ይጠየቃል?” የሚል ይኖራል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። አርስቶትል ሰክሮ ላጠፋ ሰው ቅጣቱን እጥፍ የሚያደርግ ሕግ ያነሳና ምክንያቱን ሲናገር፣ አለመስከር በእጁ ነበር ይላል። የእኛም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 50፣ አደጋውን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው በመጠጥ፣ በዕፅ ወይም በሌላ ዘዴ ራሱን ያሳተ ሰው “አእምሮዬን አላውቅም ነበር” ብሎ እንዲያመልጥ አይፈቅድም። እንቅልፍንም እኔ የማየው በዚሁ ዓይን ነው። ዓይኑ ሲከደን ሹፌሩ ምርጫ የለውም፤ ቁልፉን ሲያዞር ግን ነበረው።

ነበረው ስል ግን አፌ ላይ ትንሽ ይከብደኛል። የቀን ገቢ የተቆረጠበት፣ “አልችልም” ቢል ነገ መኪናው ለሌላ የሚሰጥበት ሰው ምርጫው ምን ያህል ሰፊ ነው? ይሄ ሹፌሩን ነፃ አያወጣውም፤ ከጎኑ ሌላ ሰው ያቆማል እንጂ። ባለንብረቱ ቀኑን ሙሉ ስልክ ይደውላል። “የት ደረስክ? ስንት ጫንክ?” ይላል። “ትናንት ስንት ሰዓት ተኛህ?” ብሎ ሲጠይቅ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።