ዘይት የነካው እጅ

በእጁ የሚሠራ ሰው ዐዋቂ ነው ወይስ ሠራተኛ ብቻ? ጥያቄው የቆየ ነው። እኛ ግን ለዛሬ ከመጻሕፍቱ መደርደሪያ አውርደን አሮጌ ቮልስ ሞተር ላይ ልናስቀምጠው ወደድን።

ቮልስ ያቺ ጀርባዋ የጎበጠ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ በውሃ ሳይሆን በአየር የምትቀዘቅዝ መኪና ናት። የመጨረሻዋ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ተሠርታ ምርቱ ቢቆምም፣ በአዲስ አበባ መንገድ ዛሬም ትታያለች። ባለቤቷ እዚያው ግቢው ውስጥ፣ በአንድ ካቻቢቴና በብዙ ትዕግሥት የማይለውጥላት ዕቃ ጥቂት ነው።

ለምሳሌ ፑንቲናን እንውሰድ። ፑንቲና በዲስትሪቡተሩ ክዳን ሥር ተቀምጣ፣ እየተከፈተችና እየተዘጋች ወደ ኮይሉ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የምታቋርጥ ትንሽ ዕቃ ናት። በተከፈተች ቁጥር ኮይሉ ውስጥ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጠርና ካንዴላው ጫፍ ላይ ብልጭታ ይወጣል። ስታረጅ ፊቷ ይቃጠላል፣ ክፍተቷም ይዛባል፤ ያኔ ሞተሩ መንተፋተፍ ይጀምራል። አሮጌዋን ፈትቶ አዲሷን ማሰር እንኳ ቀላል ነው። ጭንቁ ክፍተቷን 0.4 ሚሊሜትር ማድረጉ ላይ ነው። ቢጠብም ቢሰፋም ብልጭታው ያለ ጊዜው ይመጣል፤ ሞተሩም ጉልበት ያጣል፣ አለዚያም ጭራሹን አልነሣም ይላል።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሞተር በንግግር አይታለልም። የፈተና ወረቀት በሚያማምር ቃል ሊሸፈን ይችላል፤ 0.4 ሚሊሜትር ግን «በእኔ አስተያየት» የሚባል ነገር አያውቅም። ክዳኑ ከተገጠመ በኋላ ሥራውን ማንም አያየውም። ሆኖም እጁ እውነት ሠርቶ እንደሆነ ቁልፉ ሲዞር ይታወቃል። እንዲህ ተፈትኖ የሚያልፍ ነገር እውቀት ካልተባለ፣ ለመሆኑ ምን ሊባል ነው?

ታዲያ በአገራችን ይህ እጅ ሲናቅ የኖረው ለምንድን ነው? በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ የሲድሊ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ዓመት ዐፄ ምኒልክ ብረት ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነገሩ። መኪናውን ተቀበልን፤ አዋጁን ግን ገና በሙሉ ልብ አልተቀበልነውም። ዛሬም «ተምሮ ተምሮ መካኒክ ሆነ?» የሚል አፍ ሞልቷል።

«እኔ ከፍዬ አሠራለሁ፣ ጊዜዬን ለመጽሐፍ አውላለሁ» የሚለን ጓደኛ አይጠፋም። ከፍሎ ማሠራት ነውር አይደለም። ሁሉም ሁሉን ይሥራ አላልንም፤ እንዲያውም ፍሬንን የመሰለ፣ የመንገደኛው ሕይወት የተንጠለጠለበት ነገር ላይ ያልሠለጠነ እጅ ባይገባ ይሻላል። እኛ የምንለው ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ያቺን ክፍተት ለክቶ ያስተካከለ ሰው፣ መካኒኩን «አንተ ልጅ!» ብሎ ለመጥራት ይከብደዋል። በዋጋ ሲከራከር እንኳ የሚከፍለው ለምን እንደሆነ ያውቃል።

አበው «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ። ይሁን። ግን ልብ ያወቀውን እጅ ካልሞከረው፣ ማወቁን በምን እናረጋግጣለን? እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፣ ጥፍራችሁ ሥር ዘይት ቢገባ ቤተ መጻሕፍት ስትገቡ አትደብቁት። እሱም ያነበባችሁት ነው።