ማን ይበልጣል?

«ሙሐመድ ዓሊ ይበልጣል ወይስ ሮኪ ማርሲያኖ?» ይህ የሻይ ቤት ክርክር በተነሳ ቁጥር እኔ ለዓሊ ጠበቃ ሆኜ ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን የተጠራጠርኩት ፍርዴን ነው።

በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን ክርክሩን በኮምፒውተር ሊቋጩት ሞክረው ነበር። ሁለቱን ቦክሰኞች አጋጥመው ፊልም አነሷቸው። ፊልሙ በ1970 ሲታይ በአሜሪካ ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ፤ አውሮፓ በታየው ደግሞ አሸናፊው ዓሊ ሆነ። መሣሪያውም አድልቷል ማለት ነው!

ቁጥር እንጠይቅ ብንል፣ ማርሲያኖ 49 ጊዜ ተጋጥሞ 49ኙንም አሸንፏል፤ ዓሊ 5 ጊዜ ተሸንፏል። ነገር ግን ዓሊ በ1967 በእምነቱ ምክንያት ወደ ቬትናም ጦርነት አልዘምትም በማለቱ ማዕረጉን ተነጥቆ ሦስት ዓመት ተኩል ከመድረክ ታገደ። ጆ ሉዊስ በበኩሉ በ1942 በፈቃዱ ወታደር ሆኖ ለአራት ዓመት ያህል ለማዕረጉ አልተጋጠመም። አንዱ ጦርነትን እምቢ ብሎ፣ ሌላው ጦር ሠራዊት ገብቶ፣ ሁለቱም የጉልበት ዘመናቸውን ከፈሉ። ይህ በየትኛው ቁጥር ይሰፈራል?

ማርሲያኖስ ቢሆን ገና ካልደረሰ ትውልድ ጋር ባለመጋጠሙ ይወቀሳልን? ሰው የሚጋጠመው ዘመኑ ካቆመለት ጋር ብቻ ነው።

ለዓሊ የተሟገትኩት በቡጢው ይሁን በወንድምነቱ አላህ ያውቃል። ዲናችን ግን ለወገንም ቢሆን አታዳሉ ይለናል። እንግዲህ «ማን ይበልጣል?» ከማለታችን በፊት «ምን ገጠመው? ምንስ ከፈለ?» እንበል።