ቤት በቤት ውስጥ

የጋይንቷ ቤተልሔም ከውጭ ለሚያያት በበጌምድር ገጠር ከሞሉት ክብ ደብሮች አንዷ ትመስላለች። በሩን አልፎ የገባ ሰው ግን ሌላ ቤት ያገኛል፤ ከክቡ በብዙ ዘመን የሚቀድም፣ አራት ማዕዘን የሆነ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን። ቶማስ ፓኬንሃም የተባለ ወጣት ተጓዥ በ1950ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ወደዚያ ዘልቆ ያየውን በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ለውጭው ዓለም አስተዋወቀ። እንደ ግኝትም ተቆጠረለት። ካህናቱ ግን ሌሊት በኪዳን፣ ቀን በቅዳሴ ሲገቡበት ስለኖሩ ጠፍቶባቸው አያውቅም።

እኔን የሚገርመኝ ክቡን የጨመረው ሰው ነው። አሮጌውን አፍርሶ በድንጋዩ አዲስ መሥራት ይችል ነበር። እሱ ግን አሮጌውን በአዲሱ አለበሰው። በእኛ ክብ ቤተ ክርስቲያን የውጭው ዙር ቅኔ ማኅሌት ነው፤ መሪጌቶች ጸናጽልና መቋሚያ ይዘው የሚቆሙበት። ቤቱ መልኩን ለወጠ፤ ሥራውንስ?

በሥርዓታችን ቤቱን ቤተ ክርስቲያን የሚያሰኘው ታቦቱ ነው። ሕንጻው ሲያረጅ ታቦቱ ወደ ጊዜያዊዋ ጎጆ፣ ወደ መቃኞ፣ ይገባል፤ ቅዳሴውም በዚያች ጎጆ ይቀጥላል። ያን ጊዜ ጎጆዋ ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ትልቁ ሕንጻ ደግሞ ድንጋይና እንጨት። እንግዲያው ቅድስናው ከግንቡ አይደለም ብሎ መደምደም ይቻላል። ይሁንና ታቦት የወጣበትን ፍርስራሽ ገበሬው ደፍሮ አያርሰውም፤ ሲያልፍበትም ይሳለማል። ቦታው ከአገልግሎቱ በኋላ የሚኖር አንድ ነገር አለው።

በሌላው ዓለም የጸሎት ቤት የሥራ ለውጥ አንዱን አውጥቶ ሌላውን በማስገባት ይመጣል። የማስትሪክቱ የዶሚኒካውያን ቤተ ክርስቲያን ዛሬ መጻሕፍት መሸጫ ነው። አያ ሶፍያ በ1453 መስጊድ፣ በ1930ዎቹ ሙዚየም፣ በ2020 እ.ኤ.አ. እንደገና መስጊድ ሆነች። በበጌምድሮቹ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሆነው ከዚህ ይለያል። እዚህ ደብሩ ቀስ በቀስ ሥራ ሲቀነስበት ኖረ።

ድሮ ደብር ስንት ነገር ነበር! የርስትና የጉልት ውል በወንጌሉ ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ስለነበር የመዝገብ ቤትነት ሥራ ነበረው። ሰው የገደለ ሸሽቶ የሚማጸንበት፣ ሽማግሌ ደመኞችን በደጀ ሰላም የሚያስታርቅበት፣ እህልና ንብረት በአደራ የሚቀመጥበት፣ ሕፃን ፊደል የሚቆጥርበትም እዚያው ነበር። ደወሉ ለቅዳሴ ብቻ አይመታም ነበር፤ እሳት ሲነሳና ሽፍታ ሲመጣም ይጮኽ ነበር። በዙሪያው ሰፈር ይቆረቆራል። የእስቴ ከተማ መካነ ኢየሱስ ስሟን የያዘችው ከደብሯ ነው።

ከዚያ መቀነሱ መጣ። ውሉ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ዳኝነቱ ወደ ፍርድ ቤት፣ ፊደሉ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሄደ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ መምህሩንና ካህኑን ይመግብ የነበረውን መሬት ወሰደ። የቀረው ቅዳሴ፣ ማኅሌት፣ ክርስትና፣ ፍትሐትና ሰንበቴ ነው። «ንጹሕ የጸሎት ቤት» የምንለው እንግዲህ አባቶቻችን ያስረከቡን ጥንታዊ መልክ አይደለም፤ ብዙው ሥራ ሲሄድ የተረፈ አዲስ ነገር ነው። አንድ ሰው በቅጥሩ ውስጥ ክሊኒክ ወይም ቤተ መጻሕፍት ይከፈት ቢል «ቦታው ለዓለማዊ ጉዳይ አይደለም» የሚለው ተቃውሞ የጥንቱን ወግ የሚጠብቅ ይመስላል። የጥንቱ ደብር ግን ዓለማዊውንና መንፈሳዊውን እንዲህ አልለየም።

ለዚህ ክርክር ጠንካራ መልስ አለ፤ ቤተልሔም ራሷ ትሰጣለች። የዜማ መጽሐፍ የሆነው የድጓ ምስክር የሚሰጥባት ጉባኤ ናት። ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አምባ፣ ድጓ ያስመሰከረ ለመባል የፈለገ ወደ ቤተልሔም ይሄዳል። የዜማውም ስልት በስሟ ይጠራል፤ የቆማና የአጫብር እንደሚባለው ሁሉ። ይህ ሥራ አልተቀነሰም። ያለ እሱ ሕንጻው ቅርስ ብቻ በሆነ ነበር። ስለዚህ አንዱን ሥራ ከሌላው እኩል አድርጌ መቁጠሬ ትክክል አይደለም የሚለኝ ሰው ግማሽ መንገድ ይረታኛል። ውል ከደብሩ ቢወጣ ደብሩ ደብር ነው፤ ድጓው ቢወጣ ግን ቤተልሔም ሌላ ቤት ትሆናለች።

ግማሹን መንገድ ግን አልለቅም። ድጓው የኖረው በመሬቱ ነው፤ መምህሩ የሚበላው ስላለው፣ ተማሪውም ለምዱን ለብሶ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ የሚሰጠው ገበሬ ስላለ። «ዓለማዊ» ያልነው ሥራ «መንፈሳዊውን» ተሸክሞት ነበር። ሲቀነስ የሸክሙ ዕዳ ወደ ተማሪው ጎጆ ወረደ።

ዛሬ ደግሞ አዲስ ሥራ እየተጨመረ ነው፤ ቅርስነት። ጎብኚ ይመጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ጥንታዊው ቤት በክቡ መጋረዱ ያሳዝነዋል። ክቡ ተነቅሎ አሮጌው ይገለጥ የሚል ባለሙያ ቢነሳ አልደነቅም፤ ለዓይን ያማረ ሐሳብ ነው። እኔ ግን እቃወመዋለሁ። አሮጌውን ከዝናብና ከፀሐይ ሲጋርድ የኖረው ክቡ ነው፤ የማኅሌቱም ቦታ እሱ ነው። ለደብሩ ገንዘብ ከተገኘ ደግሞ መጀመሪያ ክዳኑ ይጠገን፤ ወዲያው ቀጥሎ ለተማሪዎቹ ጎጆና ቀለብ ይመደብ። የጎብኚው መቀበያ ቤት ከዚያ በኋላ ይታሰብበታል።