የሙት አንደበት

የሞተ ሰው ለምን እንዲህ ተናገርህ ቢሉት መልስ አይሰጥም፤ ስለዚህ በአንደበቱ መጠቀም ለሕያዋን እጅግ ቀላል ነው። ይህን ያሳሰበን በድሬዳዋ፥ ከዚራ ከአንድ ወዳጃችን ቤት ተሰብስበን ያየነው «ቢስማርክ» የተባለው የጀርመን ፊልም ነው። የተሠራው በጦርነቱ ጊዜ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1940 ነው።

ፊልሙ ከ1862 እስከ 1871 ያለውን ዘመን ይተርካል። የፕሮሲያው ሚኒስትር በጀት የከለከለውን ምክር ቤት ወደ ጎን ትቶ ሲገዛ፥ በጦርም ጀርመንን አንድ ሲያደርግ እናያለን። ይህ በእርግጥ ሆኗል። ይሁን እንጂ በ1866 በቢስማርክ ላይ የተኮሰው ፈርዲናንድ ኮኸን ብሊንድ፥ ለንደን ቢያድግም በማንሃይም የተወለደ ተማሪ ሲሆን፥ ፊልሙ እንግሊዛዊ ይሁዲ ብቻ አድርጎ ያቀርበዋል። በ1940 ጀርመን እንግሊዝን ትዋጋ፥ አይሁድንም ታሳድድ ነበርና፥ ተመልካቹ እንዲጠላ የተፈለገው የዚያን ዘመን ተኳሽ አልነበረም።

ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው የሚል ቢኖር የራሳችንን ታሪክ ያስታውስ። የኢጣልያ ጦር ድሬዳዋን በግንቦት 1928 ዓ.ም. ይዞ እስከ መጋቢት 1933 ዓ.ም. ቆየ። በዚሁ መካከል ጎፍሬዶ አሌሳንድሪኒ የተባለ ኢጣልያዊ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፥ ስለ ካርዲናል ማስያስ «አቡነ መሲያስ» የሚባል ፊልም ሠራ፤ በፈረንጆች 1939ም በቬኒስ የሙሶሊኒን ዋንጫ ተሸለመበት። በዚያ ፊልም የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የኢጣልያዊው ካህን ወዳጅ ናቸው። ወዳጅነቱ እውነት ነበረ። ነገር ግን በዐድዋ ኢጣልያን ድል የነሡት ንጉሥ፥ አገራቸው በተያዘችበት ዘመን፥ ለያዧ እንዲመሰክሩ ተደረጉ። ከእውነት መካከል የሚመቸውን ብቻ መርጦ ማሳየት ከፈጠራ ይሻላልን? እኛስ የባሰ ይመስለናል፤ ሊያስተባብል የሚነሣው ሰው የቱን ቃል ይዞ እንደሚሟገት አያውቅምና።

ጠላትን መንቀፍስ ቀላል ነው። ለተማሪዎቻችን ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ቴያትር ስናዘጋጅ ያው ፈተና በእኛም ላይ ደረሰ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አጠገብ፥ እስላምጌ ላይ ተገድለው ወደ ገደል የተወረወሩት እስረኞች ነገር ይግባ ወይስ ይቅር? ከመካከላችን አንዱ፥ «ልጆቹ ጀግናቸውን ያጣሉ» አለ። ሌላው፥ «የእስረኞቹስ ልጆች?» ሲል መለሰ። ሁለት ምሽት ሙሉ ተከራከርን።

በመጨረሻ አስገባነው። የንጉሡን ቦታ የያዘው ልጅ ግን ትእዛዙን ሲሰጥ ድምፁ ዝቅ አለና ከሁለተኛው ረድፍ አልፎ አልተሰማም። እኛም ከፍ አድርገህ ተናገር አላልነውም።